ክላክስ የማይፈራው ፈረስ

ሌላው ሰው ፈረሱን የሚያበላሸው በዱላ ነው። ቦና ግን ፈረሱን ያበላሸው በገብስ ነው፤ ጉድ በሉ!

የአዲስ አበባ ዳሯ ሰፈር ሀና ማርያም እንደ ድሮዋ አይደለችም። የቦና አባት ጤፍ ይዘሩበት የነበረው ማሳ ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ ከብት ይነዱበት የነበረው መውረጃም አስፋልት ሆኗል። ለነባሩ ገበሬ የቀረው ግቢው፣ ሁለት ሦስት ላምና ፈረሱ ነው። መሬቱ ሲሄድ ዝም ያለ ሰው ሁሉ ፈረሱን ግን አልለቀቀም። ለምን ቢሉ፣ ሠርግ አለ፣ በዓል አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለቅሶ አለ። በእነ ቦና ዘንድ ፈረሰኛ የነበረ ሰው ሲሞት ጓደኞቹ በፈረስ ሄደው ነው የሚያለቅሱለት። በታክሲ የሄደ ሰው ደረሰ ይባል ይሆናል እንጂ አለቀሰ አይባልም። እንግዲህ ፈረሰኛው ከሲኖትራኩ፣ ከባጃጁና ከሚኒባሱ ጋር በአንድ አስፋልት ይጋፋል። ወዴት ይሂድ ታዲያ?

ቦና ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ቀን ቀን ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ በጥበቃ የሚሠራ ሰው ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ በሠርግ ቀን፣ አንድ ሲኖትራክ ከኋላው ክላክሱን ሲለቅበት የያኔው ፈረሱ በርግጎ ከነሙሉ ልብሱ ቱቦ ውስጥ ወረወረው። ትከሻው ወልቆ በወጌሻ ተመለሰ። የሰው ሳቅ ግን አልተመለሰም፤ ሠርገኛው ሁሉ ነበር የሳቀበት። ያን ፈረስ ሸጠና ዳማውን ገዛ። ከዚያ ጎፋ ካለ ጋራዥ አሮጌ ክላክስ ከነባትሪው ገዝቶ፣ ሰው በማያየው የድሮ የድንጋይ ካባ ውስጥ በየጠዋቱ ፈረሱን ያስተምረው ጀመር። ክላክሱን ይነፋል። ዳማ ከሸሸ ምንም የለም። ቀጥ ብሎ ከቆመ አንድ እፍኝ ገብስ። ስድስት ወር ሙሉ!

ትምህርቱ ገባው፤ ያውም ከሚገባው በላይ። ዳማ ክላክስ በሰማ ቁጥር አራት እግሩን ተክሎ ይቆማል፤ አንገቱን አዙሮ የቦናን ኪስ ያያል። ቦና ጋማው ሥር እጁን ሰዶ አከክ አከክ አድርጎ «በል ዳማ» ካላለው በቀር በአለንጋም በተረከዝም ንቅንቅ አይልም። ይህችን ደግሞ የሚያውቃት ቦና ብቻ ነበር።

ለሰው አልተናገረማ! እንዴት ይናገር? በሚቀጥለው ሠርግ ላይ ፈረሱ ሁሉ ሲበረግግ ዳማ ብቻ መኪና መሃል እንደ ጌታ ሲቆም አገሩ አፉን ያዘ። «ምን አድርገኸው ነው?» ሲሉት «ዘሩ ነው» አለ። በገብስ ነው ቢል ኖሮ እስኪሞት አይለቁትም ነበር። ፈረሰኛ ፈረሱን በልቡ ይገራል እንጂ በእፍኝ ገብስ ይለማመጣል እንዴ? ብቻ ሚስቱን ኦብሴን መደበቅ አልቻለም። «የላሞቹን ገብስ ማን ነው የሚበላው?» ብላ ተከታትላ ደረሰችበትና ሳቀችበት፤ ነገር ግን ለማንም አላወጣችበትም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሐሙስ ጠዋት ኦቦ ፈየራ መጡ።

ኦቦ ፈየራ ወደ ሰባ ዓመት የተጠጉ፣ ያካባቢው ፈረሰኛ ሁሉ አባቴ የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። ቦናን ልጅ ሳለ ኮርቻ ላይ ያወጡት እሳቸው ናቸው። የዕድሜ ጓደኛቸው ኮርሳ፣ ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር፣ ሞቶ፣ የራሳቸው ፈረስ ደግሞ ሰኮናውን ታሞ ቀርቷል።

«ቦና ልጄ፣ ዳማን አውሰኝ። ኮርሳን በታክሲ ሄጄ ላልቅስለት?»

«ጋሼ፣ ይውሰዱት እንጂ! ይህም ይጠየቃል እንዴ?»

«መኪና አይፈራም አይደል? ዋናውን መንገድ መሻገሬ ነው።»

ይኸው፤ እዚች ላይ ነበረች። አንዲት ዓረፍተ ነገር! «ጋሼ፣ ክላክስ ሲሰማ ይቆማል፤ ጋማውን ይከኩት» ማለት ምን ይከብዳል? ነገር ግን ጎረቤቱ ኢሉ አጥር ተደግፎ እየሰማ ነበር፤ ኢሉ ደግሞ የሰማውን ሳያዳርስ እንቅልፍ አይወስደውም። ቦና ኢሉን አየና ደረቱን ነፋ።

«እንኳን መኪና፣ አውሮፕላን ቢያርፍበት አይደነግጥም!»

ኦቦ ፈየራ ሳቁ፣ እርካቡን ረገጡ፣ መርቀውት ሄዱ። ቦና እስከ ጉብታው ድረስ በዓይኑ ሸኛቸው። ቢጠራቸው ይሰሙ ነበር። አልጠራቸውም፤ የሥራ ሰዓት ደርሶበት ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። «ቦና፣ ድረስ! ፈየራን መኪና ገጫቸው!» አለው ኢሉ።

ቦና ዱላውን ጥሎ ሮጠ። ሲደርስ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። አንድ ሚኒባስ አፍንጫው ተጨራምቶ መሃል መንገድ ላይ ተጋድሟል። ኦቦ ፈየራ ጋቢ ላይ ተኝተው ጥርሳቸውን ነክሰዋል፤ አንድ እግራቸው ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። ዳማ ዳር ላይ ቆሞ ከጭኑ ደም ይንጠባጠባል። ቦና ሽማግሌውን ከሌሎች ጋር ተሸክሞ መኪና ላይ አወጣ።

ሾፌሩ ሠላሳ ዓመት እንኳን የማይሞላው፣ አምሐ የሚባል ልጅ ነው። ሁለት ሰው አንገትጌውን ይዞታል። እሱ ደግሞ ለትራፊክ ፖሊሱ ይምላል።

«ክላክስ አድርጌያለሁ! ከሩቅ ነው ያደረግኩት፣ በጌታ! ፈረሱ እያለፈ ነበር፤ ክላክሱን ሲሰማ ቆመ! መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለ! ፍሬን ያዝኩ፣ አልደረሰልኝም!»

«ወሬ!» አለ ከሰው መሃል አንዱ። «ፈረስ ክላክስ ሰምቶ ይሸሻል እንጂ ይቆማል እንዴ? ስልክ እየነካካህ ነው!»

ኢሉ እጁን አወጣ። «ባለቤቱ እዚህ አለ አይደል? እስቲ ቦና ይናገር። ቦና፣ አንተ ፈረስ ታውቃለህ። ፈረስ ክላክስ ሲሰማ ይቆማል?»

ሁሉም ወደ ቦና ዞረ። ፖሊሱም እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀ።

ቦና ዳር የቆመውን ዳማ አየ። ይቆማል ቢል ምን ይሆናል? አባቴ የሚላቸውን ሰው የሰበራቸው እሱ ነዋ! በአገሩ ሰው ሁሉ ፊት፣ በገብስና በክላክስ!

«አይቆምም» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፖሊሱ ጻፈ። አምሐ መሐላውን አቋረጠና ቦናን አየው፤ አልተሳደበም፣ አልጮኸም፤ ብቻ አየው። ከዚያ ፖሊሶች መኪና ላይ ጭነው ወሰዱት።

ማታ ከሆስፒታል ወሬ መጣ። የኦቦ ፈየራ የዳሌ አጥንት ተሰብሯል፤ ነፍሳቸው ግን ደህና ናት። ለፖሊስም ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ «ክላክስ የሚባል አልሰማሁም» ብለዋል። ቦና ይህን ሲሰማ «ተመስገን» አለ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ተመስገን! ወዲያው ደግሞ በራሱ ደነገጠ። ኦቦ ፈየራ እኮ ማዶ ጥጃ ሲያስነጥስ የሚሰማ ጆሮ ነው ያላቸው። እንዴት አልሰሙም? ቢሆንም አልጠየቀም። የሚመቸውን ነገር ማን ይመረምራል?

በሦስተኛው ቀን የኦቦ ፈየራ ቤተሰብ ከሾፌሩ ወገን የሚመጣውን የሚያነጋግሩ ሦስት ሽማግሌዎች መረጠ። ከሦስቱ አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቦና! እምቢ ቢል ለምን ይሉታል። ገብቶ ተቀመጠ።

የሾፌሩ ሚስት ዶርቃ ትባላለች። ከሆሳዕና መጥታ ለቡ የተከራየች፣ ቀጭን፣ ስትናገር ድምፅዋ የሚቆራረጥ ልጅ ናት። ከቤተ ክርስቲያኗ ሁለት ሰዎች ይዛ፣ አንዲት ሁለት ዓመት የማይሞላት ሕፃን አዝላ መጣች። መሬት ላይ ልትንበረከክ ስትል ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊታቸውን አጠቆሩባት። «ባልሽ ሰው ሰብሮ ፈረስ ነው ጥፋተኛው ይላል። በመጀመሪያ ውሸቱን ይተው» አሏት። እነሱ የሚያውቁትን ነው የተናገሩት።

«አምሐ አይዋሽም፤ አባቶቼ፣ እውነቱን ነው» አለች እያለቀሰች። «ልጄ ‹አባዬስ?› ትለኛለች። ሥራ ሄዷል እያልኩ ነው የማስተኛት። እባካችሁ፣ በኢየሱስ ስም።»

ቦና ተነሣና ወንበር አቀረበላት። ውኃ አመጣላት። ሕፃኗ ስታለቅስ ተቀብሎ አባበለ። ስትወጣ እስከ ታክሲው ድረስ ሸኛት። እንደገና መጣች፤ እንደገና ሸኛት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ከሁሉ አስቀድማ የምትፈልገው እሱን ሆነ።

«ከሁሉም እርስዎ ይሻሉኛል፣ አባባ» አለችው ታክሲ ተራው ላይ። «ፊትዎ ያዝንልኛል። ለአምሐም ነግሬዋለሁ።»

ቦና «አይዞሽ» አላት። ምን ይበላት ሌላ?

ከዚያች ቀን ወዲያ እህል አልወርድለት አለ። ብሎኬት ማምረቻው በር ላይ ተቀምጦ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ክላክስ ባደረገ ቁጥር ይሰቀጥጠዋል። በየሌሊቱ ያችን አንዲት ቃል ይመልሳታል፤ «ይቆማል» ብሎ ይሞክራታል፤ ቀላል ናት። ታዲያ ያን ቀን ምላሱን ማን ያዘው? ነገ እናገራለሁ ይላል። ሲነጋ ደግሞ፣ ትናንት ያልተናገርክ ዛሬ ምን ነካህ ቢሉኝስ ይላል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሉታል ይህን ነው። ኦቦ ፈየራን በየቀኑ ብርቱካን ይዞ ይጠይቃል፤ ለእሳቸውም አይናገርም። ዳማንም መቅረብ አቃተው፤ ቁስሉን የምታጥበው ኦብሴ ሆነች።

በአሥረኛው ቀን ማታ ኦብሴ ያልተነካ ሳህኑን አነሣችና ከፊቱ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ እስክትናገር ስጠብቅህ አሥር ቀኔ ነው። ያ ገብስ የት እንደገባ አውቃለሁ እኮ!»

«ኦብሴ፣ ተይኝ።»

«አልተውህም! የሰው ባል አሳስረህ የሰው ልጅ ታባብላለህ? እሹሩሩ እያልክ? እግዚአብሔርን አትፈራም? ነገ ወይ አንተ ትሄዳለህ፣ ወይ እኔ ነጠላዬን ለብሼ እሄዳለሁ።»

እሷ ትሄዳለች፤ ያውቃታል። ነገር ግን በማግስቱ የሄደው እሷን ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ ደክሞት ነበር። መጀመሪያ የሄደውም ሆስፒታል ነው፤ ኦቦ ፈየራ ዘንድ። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት አለ።

ሽማግሌው እግራቸው ተሰቅሎ፣ ከስተው ተኝተዋል። ቦና አልተቀመጠም። አልጋው እግር ሥር ቆሞ ሁሉንም ዘረገፈው፤ ካባውን፣ ክላክሱን፣ ገብሱን፣ ጋማውን፣ «አይቆምም» ያለውን። ሲጨርስ የሚመጣበትን ጠበቀ።

የኦቦ ፈየራ እንባ በጉንጫቸው ወረደ።

«ክላክሱን ሰምቻለሁ» አሉ።

«እንዴ? ታዲያ ለፖሊሱ…»

«ሰምቻለሁ እያልኩህ! ፈረሱ ቆመብኝ። ተረከዜን ብሰጠው፣ ልጓሙን ብለቅለት አልሄድ አለኝ። እኔን! ፈየራን! በዚህ ዕድሜዬ ፈረስ ከሥሬ ቆመብኝ ብዬ ልናገር? አልሰማሁም ማለት ቀለለኝ። እዚህ ተኝቼ፣ እጄ ሞተ፣ ፈረሱ እንኳን ናቀኝ፣ ከእንግዲህ ኮርቻ ላይ አልወጣም እያልኩ ነው የከረምኩት። አንተ ደግሞ በየቀኑ እየመጣህ ትጠይቀኛለህ! ብርቱካን ይዘህ!»

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«የእኔን ተወው፤ እኔም ዋሽቻለሁ፤ ይቅር የምልበት አፍ የለኝም። በሁለታችን ኩራት የታሰረው የሰው ልጅ ነው። ሂድ፤ ለፖሊሱ ተናገር። እዚህም ይምጡ፣ ቃሌን እለውጣለሁ።» ቦና በሩ ላይ ሲደርስ እንደገና ጠሩት። «ቦና፤ አንዲት ቃል ነበረች እኮ። ያን ጠዋት ፈረሱን ስለምንህ።»

ቦና በሩን ዘግቶ ወጣ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ተናገረ። ነገር ግን አሁንም ሙሉውን አልተናገረም። መርማሪው «ታዲያ ያን ቀን ለምን አይቆምም አልክ?» ሲለው «ደንግጬ ነበር፤ ትዝ ያለኝ አሁን ነው» አለ። ሰው እንዲህ ነው፤ እውነትን እንኳን እየሸረፈ ነው የሚያወጣት። መርማሪው ግን በቃል ብቻ የሚያምን ሰው አልነበረም። ፈረሱን አምጣ አለው። ከሰዓት በኋላ ቦና ዳማን እየሳበ መጣ፤ ግቢው ውስጥ ሲያስኬደው አንዱ ፖሊስ ከመኪና ውስጥ ክላክስ አደረገ። ዳማ ቀጥ አለ። እንደገና አስኬዱት፤ ክላክስ፤ ቀጥ። መርማሪው ራሱ ልጓሙን ይዞ ጎተተ፤ ወይ ፍንክች! ፖሊሶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቦና ያን ሁሉ የፈራው ሳቅ ይኸው መጣ፤ ሲመጣ ግን ምንም አልነበረም። ለዚህ ነው? አለ በልቡ። ለዚህች ነው?

በማግስቱ ፖሊሶች ሆስፒታል ሄደው የኦቦ ፈየራን ቃል ተቀበሉ። ከሰዓት በኋላ አምሐ በዋስ ተፈታ።

ቦና በጣቢያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ለምን እንደቆመ እሱም አያውቅም፤ ልጁ ሲወጣ ማየት ብቻ ፈልጎ ይሆናል። ዶርቃ ሕፃኗን አዝላ ከባሏ ጋር ወጣች። ቦናን ስታየው ሮጣ መጥታ ጉልበቱ ላይ ወደቀች።

«አባባ! ጌታ ዘመንዎን ይባርክ! ልጆችዎን ይባርክ! ነገሩ ሲታወስዎት ነው አሉ እኮ የመጡት፤ ቀን እንኳን ሳያሳድሩ! አምሐ፣ ነግሬህ አልነበር? አንድ አባት አሉ፣ ያዝኑልኛል አላልኩህም?»

«ብለሽኛል» አለ አምሐ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። ቀረበና ቦናን ትከሻ ለትከሻ ሰላም አለው። አፉን ወደ ጆሮው አስጠጋ።

«ያን ቀን አይቆምም ሲሉ ፊትዎን አይቻለሁ» አለው በዝግታ። «እያወቁ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ለእሷ አልነገርኳትም። እዚያ ሆኜ፣ ያችን አንዲት ተስፋዋን ልውሰድባት?»

ከዚያ ዘወር አለና ሕፃኗን ከዶርቃ ጀርባ ተቀበለ።

ቦና ምርቃቱን ይዞ ቤቱ መግባት ይችል ነበር። ልጁ አይናገርበትም፤ ዶርቃም ዕድሜዋን ሙሉ በጸሎቷ ስሙን ትጠራለች። ማን ያውቅበታል? ግን ጉልበቱን የያዙት እጆቿ ሞቀው ነበር፤ አልቻላቸውም።

«ተነሽ ልጄ» አላት። «የታወሰኝ ትናንት አይደለም።»

«መቼ ነው ታዲያ?»

«ያኔውኑ። ባልሽ እየማለ፣ እኔ እያወቅኩ ነው አይቆምም ያልኩት።»

ዶርቃ ባሏን አየችው። አምሐ ሕፃኗን አቅፎ መሬት መሬት ያያል። እጆቿን ከቦና ጉልበት ላይ አነሣችና ቀስ ብላ ቆመች።

«ወንበር ያቀረቡልኝ ቀን ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«ታክሲ ተራ የሸኙኝስ ቀን? ልጄን አቅፈው?»

«አዎ ልጄ።»

አልጮኸችበትም። ቢሆንለት መጮህዋን ይመርጥ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ለብሳ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኔ ሌሊት ሌሊት እያለቀስኩ ለእግዚአብሔር የከሰስኩት እኮ እነዚያን ሁለቱን ሽማግሌዎች ነው» አለች። ከዚያ የባሏን ክንድ ይዛ ወደ ታክሲ ተራው ሄደች።